በዓል ከቀኑ ሲወጣ፦ ከግብር አዳራሽ እስከ ሥጋ ቤት

“ምን ይበላሉ?” ብለን ስንጠይቅ ታካሚው “ያው የአገራችንን ምግብ ነዋ ዶክተር” ይለናል። እኛም ካርዱ ላይ አንዲት መስመር ጽፈን ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እናልፋለን። ሳሉ መቼ እንደጀመረው፣ ሲጋራ ስንት ዓመት እንዳጨሰ፣ ወላጆቹ በምን እንደሞቱ በዓመትና በወር እየለየን እንጽፋለን። ምግቡን ግን ታሪክ እንደሌለው ነገር እንተወዋለን። የዘንድሮው የመገናኛ መጽሐፋችን አዘጋጆች “እስቲ ከሕክምና ወጣ ያለ ነገር ጻፊልን” ሲሉኝ ስለ ገበታችን ታሪክ ለመጻፍ የወሰንኩት በዚህ ምክንያት ነው። ከሕክምና ወጣ ማለት አለማለቱን እናንተ ፍረዱ።

የማነሣው ሐሳብ አንድ ነው። የከተማ ሰው ገበታ ካለፉት 130 ዓመታት ወዲህ ብዙ አዲስ ነገር ገብቶበታል። ትልቁ ለውጥ የደረሰው ግን ቀኑ ላይ ይመስለኛል። ድሮ ዓመት በዓል ተጠብቆ ይቀርብ የነበረው ምግብ ዛሬ በማንኛውም ማክሰኞ ይገኛል። በዓሉ ከቀኑ ወጥቷል። ይህ እንዴት እንደሆነ ካላወቅን ለታካሚዎቻችን የምንሰጠው ምክር ወረቀት ላይ ይቀራል።

ቀን ያለው ገበታ

ከቤት እንጀምር። በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ውስጥ ዓመቱን የሚያዘው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ አሉ፣ 55 ቀን የሚፈጀው ዐቢይ ጾም አለ፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም አለ፣ በነሐሴ ደግሞ ፍልሰታ ይመጣል። ሁሉንም የሚጾም ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ያሳልፋል። በሙስሊም ቤተሰብም ዓመቱ የራሱ ረመዳንና የራሱ ሁለት ዒዶች አሉት፤ እዚያም ጾሙና ድግሱ ተራ ጠብቀው ይመጣሉ። በተረፈው ቀን የብዙው ሰው ምሳና እራት ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ጎመን ነበር። ሥጋ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ሰው ለምን እንደመጣ ያውቃል።

የመጣበትንም መንገድ አስታውሱ። ዶሮዋ 12 ብልት ሆና ትወጣለች፤ እያንዳንዱ ብልት ለማን እንደሚደርስ በቤቱ የታወቀ ነው፣ እንቁላሉም በሰው ልክ ይቆጠራል። ቅርጫው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፣ ይታረዳል፣ ከሽንጡም ከጎድኑም ከጉበቱም ለየመደቡ እኩል ይደለደላል፣ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። ሀብታሙ ለስላሳውን፣ ድኻው አጥንቱን የሚወስድበት ዕድል የለም። የተረፈው ቋንጣ ሆኖ ይሰቀላል። ዛሬ እኛ “መጠን” የምንለውን ነገር ማንም የሥነ ምግብ ባለሙያ ሳይነግራቸው በዕጣ ጨርሰውታል።

ታዲያ ይህን ስጽፍ “ድሮ ቀረ” ለማለት አይደለም። ያ የቀን መቁጠሪያ የተሸከመው የሴት ጀርባ ነበር። የዶሮ ወጡ ሽንኩርት ሌሊቱን ሙሉ ሲከተፍና ሲቁላላ ጓዳው ውስጥ የነበረችው እናት ናት፣ ልጅ ናት፣ የቤት ሠራተኛ ናት። በጢሱ ዓይኗ የሚያለቅሰው፣ ሳንባዋ የሚታፈነው እሷ ነበረች። ሲጋራ በአፏ ዞሮ የማያውቅ፣ ግን ሳንባዋ እንደ አጫሽ ሳንባ የደከመ ስንት እናት አይተናል! በብዙ ቤት እሷ የምትበላው ወንዶቹና እንግዶቹ ከተነሡ በኋላ ነው። ድኻው ቤት ደግሞ ከጾም ወደ ፍስክ መሻገሪያ ያጣበት ዓመት ጥቂት አይደለም። የ1977ን ረሃብ ያየ ትውልድ “ወፍረሃል፣ አምሮብሃል” ብሎ ሲመርቅ ከልቡ ነው። በዚያ ትውልድ ዓይን ቅጥነት ውበት ሊሆን አይችልም።

ግብርና ኮሶ

ድግስን ከቤት አውጥቶ ትልቅ የአደባባይ ጉዳይ ያደረገው ቤተ መንግሥት ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ ያዘጋጁት ግብር በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ዝነኛ ነው። የአፍሪካን ምግብ ታሪክ ያጠናው ጄምስ ማካን ያን ግብር ሲተነትን፣ የተለያየ አገር እህልና ቅመም፣ የተለያየ ወጥ በአንድ አዳራሽ መሰብሰቡ ራሱ የመንግሥት መልእክት እንደነበረው ይነግረናል። ዛሬ “የኢትዮጵያ ምግብ” የምንለው ዝርዝር መልክ የያዘው እንዲህ ባለው ድግስ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ድግስ ብዙም ሳይቆይ የከብት በሽታ ገብቶ የአገሩን ከብት ጨረሰው፣ ክፉ ቀን የምንለው ረሃብም ተከተለ። ድግሱና ረሃቡ እንደዚህ ጎረቤት ነበሩ።

ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ግብሩ ቀጠለ። በሺህ የሚቆጠር ሰው በየደረጃው ተራ በተራ እየገባ ብርንዶውን ይቆርጣል፣ ጠጁን ይጠጣል፣ ይወጣል። እንግዲህ ይህ ከቤት ውጭ መብላት ነው፤ ግን ማንም ሒሳብ አልከፈለም። ክፍያው ታማኝነት ነበር።

ለእኛ ለሐኪሞች ደግሞ ከግብሩ ጎን የቆመ ሌላ ነገር አለ፤ ኮሶ። ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሰው በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን ገልጾታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኮሶ አበባ ወደ አውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ገብቶ ለኮሶ ትል ይታዘዝ ነበር። እኛ አሁን ኒክሎሳማይድ ወይም ፕራዚኳንቴል እንጽፋለን። ኮሶን አላወድሰውም፤ መጠኑ ሲበዛ መርዝ ነው፣ ምሬቱም እስካሁን የንግግራችን ማጣፈጫ ሆኖ ቀርቷል። የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ያ ሰው የምግቡን ዋጋ ያውቅ ነበር። ድግሱ ቀን እንዳለው ሁሉ መድኃኒቱም ቀን ነበረው፤ በዚያ ቀን ሥራ የለም፣ እንግዳ የለም። ዛሬ በየሳምንቱ ቁርጥ የሚበላ ታካሚዬን “የትል መድኃኒት መቼ ወሰዱ?” ስለው እንደ ነውር ያየዋል።

ከፍሎ መብላት

በ1900 ዓ.ም. አካባቢ እቴጌ ጣይቱ በከተማው ሆቴል አስከፈቱ፤ በእሳት ተጎድቶም ዛሬ ድረስ በስማቸው ቆሟል። እንደሚነገረው መጀመሪያ ላይ ሰው ደፍሮ አልገባም። በገንዘብ ምግብ መግዛት ቤት የሌለው፣ ዘመድ የሌለው ሰው ሥራ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ገብተው፣ በልተው፣ ከፍለው አሳዩ ይባላል። ታሪኩ ሲዋብ ሲዋብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ፍሬ ነገሩ ግን ትክክል ነው። ሰው ከፍሎ መብላትን እንደ ማንኛውም ነገር መማር ነበረበት።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው የጣሊያን ወረራ ደግሞ ሌላ ነገር ጥሎ ሄደ። ቃላቱን ቁጠሩ፦ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ላዛኛ፣ ፉርኖ፣ ሳልሳ፣ ማኪያቶ። ወራሪው ተባረረ፣ መኮሮኒው ቀረ። አሁን ፓስታ በበርበሬ የሚሠራ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ የሚበላ ሕዝብ ነን። በነገራችን ላይ በርበሬውም ቢሆን በመጀመሪያ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ ድንቹም፣ ቲማቲሙም፣ በቆሎውም እንደዚያው። ስለዚህ ለታካሚ “ወደ ባህላዊ ምግብዎ ይመለሱ” ስንል ወደ የትኛው ዓመት እንደምንልከው ማሰብ ይኖርብናል።

በደርግ ጊዜ የተወለድን ሰዎች ልጅነት ለውጭ ምግብ አልተመቸም። ሰዓት እላፊ ነበር፣ ስኳሩና ዘይቱ ከቀበሌ ሱቅ በራሽን ይመጣ ነበር። ስለዚህ የእኛ ዘመን ልጅ ከቤት ውጭ መብላትን በደንብ የተማረው ትምህርት ቤታችን ገብቶ ነው። ካፌ የነበራችሁም ነን-ካፌ የነበራችሁም ታስታውሳላችሁ። ከጥቁር አንበሳ ቸርችልን ሽቅብ በእግር ወጥተን ፒያሳ አንድ ፍርፍር ለሦስት እንካፈል ነበር። ሒሳቡን ለማዋጣት ኪሳችንን ስንፈትሽ አስተናጋጇ ቆማ ትስቃለች። የወጪ መጋራት በ1996 ዓ.ም. ሲመጣ የምንበላው ሽሮ እንኳ ነገ የሚከፈል ዕዳ ሆነ ብለን ቀልደናል። እነዚያ ቤቶች አብዛኞቹ አሁን የሉም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ፈርሷል።

ማክሰኞ የመጣ በዓል

ታዲያ በዓሉ ከቀኑ የወጣው መቼ ነው? አንድ ቀን ልሰጠው አልችልም። ከተማው ሲሰፋ፣ ገንዘብ ያለው ሰው ሲበዛ፣ ሥጋ ቤቱና ክትፎ ቤቱ በየሰፈሩ ሲከፈት ቀስ በቀስ የሆነ ነው።

ክትፎን ውሰዱ። በጉራጌ ክትፎ የመስቀል ነው። ከተማ ሲሠራ የከረመው ልጅ ዓመቱን ቆጥቦ ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ ቅቤው ለዚያ ቀን ሲጠራቀም የቆየ ነው፣ ቆጮው ከጉድጓድ ይወጣል፣ አይቡና ጎመኑ ይቀርባል። የምግቡ ግማሽ ጣዕም መንገዱ ነው። አሁን ያ ምግብ በምሳ ሰዓት፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ሥጋው ያው ነው፣ ቅቤው ያው ነው፣ ሚጥሚጣው ያው ነው። የጠፋው በመካከሉ የነበረው 11 ወር ነው።

ዶሮ ወጥም፣ ቁርጥም፣ ጥብስም እንደዚሁ። ቅርጫው በዕጣ የወሰነውን አሁን የሚወስነው ኪስ ነው። የሚጋብዝ ሰው “ግማሽ ኪሎ” ለማለት ያፍራል። የሚጋበዘውም “በቃኝ” ለማለት ያፍራል፤ ቢልም ማንም አይሰማውም፣ “ሙት!” ይባልና ይጎረሳል።

ጾሙም ቢሆን አልተረፈም። የጾም ኬክ፣ የጾም ፒዛ፣ የጾም ማኪያቶ አለ። ሃይማኖቱን እየጠበቀ፣ ዘይቱንና ስኳሩን ግን እንደ ፍስክ የሚበላ ጾመኛ በየክሊኒካችን አለ። ዘይቱ ራሱ ተቀይሯል። እናቶቻችን የሚያውቁት የኑግ ዘይት ነበር፤ በ2000ዎቹ ዓመታት በድጎማ በሸማቾች ማኅበር የተከፋፈለን የፓልም ዘይት ነው። የፓልም ዘይት በቅባት ዓይነቱ ከኑግ ይልቅ ወደ ቅቤ የሚቀርብ መሆኑን እዚህ ለምታነቡ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጾመኛዋ እናት ግን ይህን የነገራት የለም።

ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ነገሩን በአንድ ትሪ ላይ ታዩታላችሁ። ዋሽንግተን ውስጥ ማማ ደስታ የተባለው ምግብ ቤት ከተከፈተበት ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእኛ ሰው በዚያ ከተማ ብዙ ምግብ ቤት ከፍቷል፤ ብዙ እናቶችና እህቶች በጓዳ በነፃ ይሠሩት በነበረው ሙያ ልጅ አሳድገውበታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዚያ ትሪ ላይ ግን መካከሉ ዶሮ ወጥ ነው፣ ዙሪያው ምስር፣ ጎመንና ክክ። የጾሙ ምግብ የፍስኩ ማባያ ሆኗል። አገር ቤት ያለች አንዲት አያት ይህን ብታይ “ልጆቼ፣ ዛሬ ምንድን ነው?” ብላ ትጠይቃለች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው።

ወደ ካርዱ ስንመለስ

ይህ ሁሉ ታሪክ ለሐኪም ምን ያደርግለታል? በ2007 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የስቴፕስ ጥናት ከ100 ጎልማሶች 16 ያህሉ ደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። በቀን የሚበሉት ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኗል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 ግራም በታች ይላል። ልብ በሉ፣ ይህን ጨው ሰው ከገበታ ላይ እየነሰነሰ አይበላውም። ጨዉ በርበሬው ውስጥ ነው፣ ምጥን ሽሮው ውስጥ ነው፣ ሲፈጭ አብሮ ገብቷል። ወጥ የምትሠራዋ ደግሞ እንደገና ትጨምራለች።

አንድ ደም ግፊት ያለባቸው አባት ወደ እኔ የመጡት ከሌላ ቦታ የተሰጣቸውን የምግብ ወረቀት በኪሳቸው አጥፈው ይዘው ነው። ወረቀቱ በቁርጥራጭ ዳቦና በሰሃን የሚቆጥር፣ ለሌላ አገር ሰው የተጻፈ ነበር። እሳቸው ግን ጨዋ ሰው ናቸውና አክብረውታል። ለብቻቸው ሰሃን አወጡ። ሁለት ወር ለብቻቸው በሉ። ከዚያ ልጆቹ እራት ላይ እሳቸውን መጠበቅ ተዉ፣ ባለቤታቸውም “የእኔ ወጥ መርዝ ሆነ” ብለው አዘኑ። በመጨረሻ አባት ወረቀቱንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ተዉት። “ዶክተር፣ ብቻዬን ከምኖር ብሞት ይሻላል” አሉኝ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤታቸውን ይዘው እንዲመጡ ጠየቅኳቸው። እማማ ጨዉ በርበሬው ውስጥም እንዳለ ሲሰሙ “ታዲያ ይህን ለምን ለእኔ አልነገራችሁኝም? ድስቱ በእኔ እጅ አይደል እንዴ!” ነው ያሉት። ቀጣዩን በርበሬ ያለ ጨው አስፈጩ። የቤቱ ሁሉ ጨው ቀነሰ፣ አባት ወደ ትሪው ተመለሱ። ስለ ቁርጡም ተነጋገርን። በየሳምንቱ ከጓደኞቻቸው ጋር የሚበሉት ነበር፤ “ለበዓል ይሁን” ብለን ተስማማን። “ለበዓል” የሚለውን ቃል ወዲያው ተረዱት፤ ምንም ማብራሪያ አላስፈለገም። መድኃኒቱን እንደገና ጀመሩ፣ ግፊታቸውም ወረደ። ከመድኃኒቱና ከበርበሬው የትኛው ይበልጥ እንደሠራ መለየት አልችልም፤ መድኃኒቱን መዋጥ የቀጠሉት ግን ከሰው ጋር መብላት ስለቀጠሉ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ስለዚህ አሁን የምጠይቀው አራት ነገር ነው። ሥጋና ቅቤ የሚበሉት በየትኛው ቀን ነው? ከማን ጋር? ማን ሠራው? ማን ከፈለው? አራቱም ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። የመጀመሪያው ጾሙንና በዓሉን ያወጣልኛል፤ በፋሲካ ማግስት ድንገተኛ ክፍል ስንት ሰው ሆዱን ይዞ እንደሚመጣ ለምታውቁ ጥቅሙ ግልጽ ነው። የስኳር ታካሚ ከሆነ ደግሞ ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቱ ወይም ከሚያምነው የሃይማኖት አዋቂ ጋር አስቀድሞ እንዲነጋገር መንገድ ይከፍትልኛል። ሁለተኛው ትሪ የሚጋራ ሰው “ግማሽ እንጀራ” ብሎ መቁጠር እንደማይችል ያስታውሰኛል። ሦስተኛው ምክሩን ለትክክለኛው ሰው እንዳደርስ ያደርገኛል። አራተኛው ደግሞ ግብዣ ላይ “በቃኝ” ማለት የማይችለውን ሰው ያሳየኛል፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ወረቀት ሳይሆን “ሐኪም ከልክሎኛል” የምትል አንዲት ምክንያት ናት። በነፃ እሰጠዋለሁ።

አሁን በማስተማር ላይ ላላችሁ መምህሮቻችንና ባልደረቦቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ። ተማሪው የታካሚ ታሪክ መውሰድ ሲማር እነዚህ አራት ጥያቄዎች ቢገቡለት ምን ይመስላችኋል? ተማሪው ራሱ ከአንድ ቤት የመጣ ነው፤ መልሱን ከመጽሐፍ በፊት ከእናቱ ያውቀዋል።

ለቀረነው፣ ለተመራቂዎቹ፣ ደግሞ ይህን ልበል። ብዙዎቻችን አሁን ስኳርና ግፊት የምናክም ብቻ አይደለንም፣ ራሳችንም ክኒን መዋጥ ጀምረናል። የመገናኛው እራት ላይ ቡፌው ሲዘረጋ ማንም ማንንም አይቆጣጠር፤ ከዓመት አንድ ቀን ነው፣ በዓላችን ነው። ከዚያ በኋላ ግን ከእኛ በፊት የነበራችሁ ታላላቆቻችን አንድ ውለታ ዋሉልን። በተማሪነታችሁ ምን ትበሉ እንደነበር፣ የት፣ ስንት ከፍላችሁ፣ ጾም እንዴት ይያዝ እንደነበር፣ ተረኛ ሆናችሁ ሆስፒታል ያደራችሁበትን የበዓል ሌሊት ማን ምግብ እንዳመጣላችሁ ጻፉና ላኩልን። የበላንባቸው ቤቶች እየፈረሱ ነው፤ ለሚቀጥለው መጽሐፍ እንሰበስበዋለን። ስትጽፉ ግን ቀኑን አትርሱ።